ዕድሜ በኪኒን ይጨመራልን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ፍኖተ ሰላም ስገባ፣ ሴት አያቴ ከትራሳቸው ሥር አንድ ብልቃጥ አውጥተው አሳዩኝ። ዘመድ ከከተማ የላከላቸው የማዕድንና የቪታሚን ኪኒን ነበር። «ልጄ፤ አንተ ተምረሃል፤ እውነት ዕድሜ ይጨምራል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬ የማቀርበው ያን መልስ ነው።

የኪኒኑ ሻጮች እንዲህ ይላሉ፦ ሰውነት ምግብን ሲያቃጥል ጎጂ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ቪታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲንና ሴሌኒየም ጉዳታቸውን ይከላከላሉ፤ ስለዚህ ብዙ የወሰደ ብዙ ይኖራል። መነሻው እውነትነት አለው፤ «ስለዚህ» የሚለው ግን ተፈትኖ ወድቋል። በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፊንላንድ 29 ሺሕ ያህል አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ሲታተም፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር ይበልጥ ተይዘው ተገኙ። በ2012ም የኮክሬን አጥኚዎች 78 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ ኪኒኖቹ ሞትን ይቀንሳሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም የአገራችንን ጉዳይ እንስታለን። ሴሌኒየም ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሰው የሚሻገር ማዕድን ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ተክሉ በቀላሉ አያገኘውም። የምዕራብ ጎጃም አፈር በብዙ ስፍራ አሲዳማ መሆኑን ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው የቡሬ ገበሬ ያውቃል። በ2020 የታተመ ጥናት የሴሌኒየም እጥረት በኢትዮጵያ የተስፋፋና ከቦታ ቦታ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል።

ታዲያ ለጎደለው ሰው ቢሰጠውስ? አፈሯ ሴሌኒየም በሚያንሰው በስዊድን፣ 443 አረጋውያን በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ለ4 ዓመት ሴሌኒየምና ኮኤንዛይም ኪው 10 ወሰዱ። በ2013 በወጣው ውጤት፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት ካልወሰዱት 12.6 ከመቶ፣ ከወሰዱት 5.9 ከመቶ ነበሩ። ሁለቱ አብረው ስለ ተሰጡ ግን ምስጋናው የየትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። በዴንማርክ ደግሞ በቀን 300 ማይክሮግራም ሴሌኒየም ለ5 ዓመት ከወሰዱት መካከል በኋለኞቹ ዓመታት የሞተው ሰው በዝቶ መገኘቱ በ2018 ተገልጿል። የጎደለውን መሙላትና የሞላውን ማፍሰስ አንድ አይደሉም።

ፊንላንድ መንገዱን አሳይታለች። በ1984 ወስና ሴሌኒየምን በማዳበሪያ ላይ ጨመረች፤ ማዕድኑም ተመጥኖ በእህሉ በኩል ለድኻውም ለሀብታሙም ደረሰ። ብልቃጥ ግን የሚደርሰው ከተማ ዘመድ ላለው ብቻ ነው።

እንግዲህ የእርሻ፣ የኬሚስትሪና የሕክምና ተማሪዎች ሆይ! ሥራው የእኛ ነው። አስቀድመን አፈሩን፣ እህሉንና የአረጋውያኑን ደም እንለካ፤ ከዚያ እንፍረድ።

ለአያቴም የምመልሰው ይህን ነው፦ «እማማ፤ ዕድሜ ከብልቃጥ አይቀዳም። ገንዘቡ ለእንቁላልና ለወተት፣ ለደም ግፊትዎም መመርመሪያ ይዋል።»