ቀላሉ ሲሊንደር ለባሕር ይሆናል ወይ?

ጋሽ ወንዝ በበጋ ደርቆ አሸዋ በሚሆንበት በሱዳኗ ከተማ በከሰላ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ግን አስፋልቱን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ቀይ ባሕር ዳር፣ ፖርት ሱዳን ይደርሳል። ከዚያ ወጣ ብሎ የሚገኘው የሻብ ሩሚ የኮራል አለት ደግሞ በዓለም ጠላቂዎች ዘንድ ስመ ጥር ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ እዚያ በ10 ሜትር ጥልቀት ቤት ተክሎ ሰዎቹን አንድ ወር ያህል ከውኃ በታች አኑሯል።

የዛሬው ጉዳያችን ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለው የአየር ሲሊንደር ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚያዝሉት ያ ቀላሉ የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር ለመጥለቂያ አይሆንም ወይ?

መጀመሪያ ግፊቱን እንወቅ። የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል አካባቢ ይይዛል። የጠላቂ ሲሊንደር ግን ከ200 እስከ 300 ባር ይሞላል። ኮምፖዚት የምንለው ሲሊንደር ውስጡ ስስ አልሙኒየም ወይም ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ ሙጫ በጠጣ የካርቦን ክር የተጠመጠመ ነው፤ ግፊቱን በአብዛኛው የሚችለው ክሩ ነው። የተለመደው 6.8 ሊትሩ ከነቫልቩ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጢስ በሞላው ፎቅ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይህ ቅለት ትልቅ ነገር ነው።

ውኃ ውስጥ ሒሳቡ ይገለበጣል። ያው ሲሊንደር በግምት 10 ሊትር የባሕር ውኃ ገፍቶ ቦታ ይይዛል። ያ ውኃ ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ሲሊንደሩ አየሩ ሲያልቅ 5 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይጎትታል። ጠላቂው ከጀርባው ያቀለለውን ክብደት እርሳስ አድርጎ ወገቡ ላይ ሊታጠቀው ነው ማለት ነው። ታዲያ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ምን ይሉታል? 12 ሊትሩ የብረት ሲሊንደር ግን በአብዛኛው ባዶም ሆኖ ይሰምጣል። 11 ሊትሩ አልሙኒየም ሲሞላ ይሰምጣል፤ ሲያልቅ በ2 ኪሎ ገደማ ይንሳፈፋል፤ የታመቀው አየር ብቻውን ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናልና።

ጨውም አለ። ካርቦንና አልሙኒየም በጨው ውኃ ውስጥ ከተነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል። ጉዳቱ ከክሩ ሥር ስለሚሆን በዓይን አይታይም። ብረት ግን ዝገቱን ያሳያል። ክሩ በጀልባ ወለልና በድንጋይ ሲጎተትም ይቆረጣል።

የእኛን አገር ሙቀት ደግሞ አትርሱ። በ25 ዲግሪ 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር በጭነት መኪና ላይ ፀሐይ መትቶት 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ግፊቱ ወደ 227 ባር ይወጣል። ሲሞላም ይሞቃል፤ ብረቱ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ ኮምፖዚቱ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ በችኮላ የተሞላ ኮምፖዚት ሲበርድ ግፊቱ ይወርዳል፤ ጠላቂውም ካሰበው ያነሰ አየር ይዞ ይገባል።

ሲሊንደሩን ተሸክሞ ረጅም መንገድ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ኮምፖዚት ይጠቅም ይሆናል። እሱም ቢሆን ለውኃ ውስጥ የተፈቀደውን ይምረጥ፤ በአውሮፓ ደንብ ዩ እና ደብሊው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ይታተሙበታል። ብዙዎቹ የአገልግሎት ዘመናቸው 15 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያምር ይጣላል። ብረትና አልሙኒየም ግን በተለምዶ በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት እየተፈተሹ፣ ፈተናውን እስካለፉ ድረስ ያገለግላሉ።

የእኔ ምክር ለቀይ ባሕር አልሙኒየም ወይም ብረት ግዙ ነው። አሮጌ ስትገዙ አንገቱ አካባቢ የታተመውን የመጨረሻ ፍተሻ ቀን አንብቡ፤ ቀን የሌለውን አትንኩ። ከጋራዥ የብየዳ ኦክስጅን ተውሶ መጥለቅ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ሰውን አንቀጥቅጦ ሊያሰምጥ ይችላል።