የከበበ ዱላ
«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የተቀረጸው ንጉሡ በወረዱበት በ1974 እ.ኤ.አ. ሲሆን ተዋንያኑ በአብዛኛው ሙያተኞች አልነበሩም። ፊልሙ አይቸኩልም። ጭሰኛው ሲያርስ፣ ባለርስቱ ደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጮህበት ካሜራው ዝም ብሎ ይቆያል፤ ተመልካችም ድካሙ እስኪሰማው ይጠብቃል።

በፊልሙ ውስጥ ከበበ ጣልያንን የተዋጋ አርበኛ ነው። መሬቱን ተነጥቆ፣ መንደርተኛው «አብዷል» ብሎ ትቶታል። እውነቱን በአደባባይ የሚናገረው ግን እሱ ብቻ ነው። ከብት የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ጎርፍ ከወሰዳት በኋላ ከበበ ባለርስቱን በዱላ ቀጥቅጦ ይገድለዋል። ፊልሙ ግድያውን እንደ ድል አያሞግሰውም፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ብሶት ማብቂያው ይኸው ነው ይላል እንጂ።

ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ደጋ አድማጭ ፊልሙ ከሚያሳየው አንድ ልዩነት አለ፦ በበጌምድር አብዛኛው ገበሬ ርስቱን ከአባቶቹ የወረሰ ነበር፤ ጭሰኝነት ይበልጥ የከፋው በደቡብ ነው። ቢሆንም ግብሩና የመሬት ሙግቱ እዚህም የታወቀ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ የታወጀው ከቀረጻው በኋላ፣ የካቲት 1967 ዓ.ም. ነበር።