ሰው ለወንበር ወይስ ወንበር ለሰው?



ከአዲስ አበባ የተነሣ ሾፌር ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ዓባይን ተሻግሮ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ወጥቶ፣ ደጀንን ካለፈ በኋላ ሉማሜ ይደርሳል። በዚያ ለዕረፍት ሲቆም ግዙፍ ሰውነት ያለው ሾፌር ወገቡን ይዞ፣ እያነከሰ ይወርዳል። ባልንጀሮቹ ውፍረቱን ይወቅሳሉ፤ ሊወቀስ የሚገባው ግን ወንበሩ ነው።

ችግሩ ከሁሉ ይልቅ የሚጸናው በስፖርት መኪና ነው። የወንበሩ ግራና ቀኝ ከፍ ብሎ የተሠራው ነጂው በመታጠፊያ ላይ እንዳይንሸራተት ነው። ዳሌው ሰፊ ለሆነ ሰው ግን ያው ድጋፍ ጭኑን ተጭኖ እግሩን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር በዓባይ ቁልቁለት ፍሬን ለመርገጥ ቢዘገይ የሚከተለውን መናገር አያሻም።

ብዙዎች መፍትሔው ትራስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከሥር የገባ ትራስ ራስን ወደ ጣሪያው፣ ከጀርባ የገባም ደረትን ወደ መሪው ያቀርባል። መሪው ኤርባግ ያለው ከሆነ ደግሞ ከደረት ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ሊርቅ ይገባል። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ ከመጨመር ይልቅ መቀነስን ያስቀድማል፤ የጎኑን ስፖንጅ ያሳሳል፣ መቀመጫውን ዝቅ ያደርጋል፣ ሐዲዱን በጠንካራ ብሎን አስሮ ወደ ኋላ ያሸሻል። ኤርባግ የተሰፋበትን ጎን ግን ከቶ አይቀድም።

ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥም። የወንበር ሠሪም ደንብ ይኸው ሊሆን ይገባል።