ለአሮጌ ትራክተር የጥገና መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

(ለገበሬዎች ከተደረገ ንግግር)



በሬ ልትገዙ ገበያ ስትወጡ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? ቀለሙንና ቀንዱን ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትከፍሉም። አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን ትቆጥራላችሁ። ዕድሜውን የሚናገረው ጥርሱ ነውና። አሮጌ ትራክተርም ጥርስ አለው። ጥርሱ በላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ቁጥርና ከቁጥሩ ጋር ስለሚሄደው የጥገና መጽሐፍ ነው።

ትራክተር በአገራችን ሁለት መልክ ነበረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር ሲበዛ፣ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው በመኪና ማረስ ጀመሩ። ትራክተሩ ላንዱ ሀብት፣ ለሌላው ስደት ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ጥፋቱ ግን የብረቱ አልነበረም። ብረት የሚታዘዘው ለያዘው ነው። ይበልጥ የሚታዘዘው ደግሞ ጠባዩን አውቆ ለያዘው ነው። ጠባዩ ያለው በመጽሐፉ ውስጥ ነው።

አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ብዙ ዓመት የቆመ ቀይ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ነበረው። ዶሮ ይሰፍርበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። አባላቱ «እናስነሣው» ብለው ተስማሙ። ከገብስ ሽያጭ ገንዘብ አዋጡ። እኔም «እንግሊዝኛ ታነባለህ» ተብዬ መጽሐፉን እንድመርጥ ተላክሁ።

ሽፋኑ ላይ ቀይ ትራክተርና 35 የሚል ቁጥር አየሁ። የእኛም 35 ነው። ደስ ብሎኝ ገዛሁት። ከዚያው መጽሐፍ ቁጥር ገልብጠን ጓርኒሲዮን አዘዝን። ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩ አካልና ከላይ በሚከደነው በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው። ዕቃው መጣ። ቴስታታው ተነሥቶ ቢታይ፣ የመጣው ጓርኒሲዮን አራት ትልልቅ ቀዳዳ አለው፤ የእኛ ሞተር ግን ሦስት ብቻ።

በዚያው ዓመት ፊደል የቆጠሩ አንድ አባት አጠገቤ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይህ ልብስ ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው» አሉኝ። አፈርሁ። ገንዘቡ አልቋል፤ የእርሻውም ወቅት እያለፈ ነው። እርሳቸው ግን ጨርቅ በናፍጣ ነክረው የሞተሩን ቅባትና አቧራ ጠረጉ። ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ። ቁጥሩን እርሳቸው አንድ በአንድ አነበቡት፤ የፈረንጁን ፊደል እኔ ጨመርሁበት። ሳላነብ የገዛሁት እኔ የተማርሁት ነበርሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሴ ፈርጉሰን 35 በእንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1964 ተሠርቷል። መጀመሪያ የወጣው የናፍጣ ዓይነት ስታንዳርድ የተባለ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ይህ ሞተር በብርድ ጊዜ አልነሣ እያለ ያስቸግር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1959 መጨረሻ ጀምሮ ፐርኪንስ የተባለ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ገባለት። በቤንዚን የሚሄድም ነበር። ስሙ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ልቡ ግን ሌላ። ባለ ሦስቱ ሲሊንደር የሚቃጠለው በ1፣ 2፣ 3 ተራ ነው። ባለ አራቱ በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ ነው። ያንዱ መጽሐፍ ለሌላው አይሆንም።

ስለዚህ ወደ መጽሐፍ ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ጻፉ። አንዱ በትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የትራክተሩ ቁጥር ነው። ሁለተኛው በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው የሞተሩ ቁጥር ነው። ሁለቱንም ጻፉ። አሮጌ ትራክተር ብዙ እጅ ያለፈ ስለሆነ ሞተሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉም ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው የአሽከርካሪ መጽሐፍ ነው። ዘይት መቼ እንደሚለወጥ፣ ቅባት የት እንደሚገባ ይናገራል። ለየዕለቱ ሥራ ጥሩ ነው። የሞተውን ሞተር ለማስነሣት ግን አይበቃም።

ሁለተኛው የመለዋወጫ ዝርዝር ነው። ዕቃው ሁሉ ተነጣጥሎ በሥዕል ይታያል፤ በየሥዕሉም ላይ ቁጥር አለ። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ይህ ትልቅ ረዳት ነው። ሥዕሉንና ዕቃውን አስተያይቶ ቁጥሩን መገልበጥ ይችላልና።

ሦስተኛው የመካኒኩ የጥገና መጽሐፍ ነው። እንዴት እንደሚፈታ፣ እንደሚለካና እንደሚገጠም ያስተምራል። የቆመ ትራክተር ለማስነሣት ዋናው ይህ ነው። ገንዘብ ካነሰ መጀመሪያ ይህን ግዙ፤ ቀጥሎ ዝርዝሩን።

መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁት። የሲሊንደሮቹ መቃጠያ ተራ ተጽፏል ወይ? የቫልቭ ክፍተት ተጽፏል ወይ? የቴስታታው ብሎኖች በምን ተራና በምን ኃይል እንደሚጠብቁ ተጽፏል ወይ? ለእናንተ ሞተር እነዚህን ካልመለሰ፣ ሽፋኑ ቢያምርም መልሱት። ለሁሉም ትራክተር ይሆናል ከሚለው መጽሐፍም ተጠንቀቁ። ለሁሉም የተሰፋ ጫማ ለማንም አይሆንም።

ፎቶ ኮፒ ከሆነ ገጹን ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በብርሃን እዩ። 3 ደብዝዞ 8 ይመስላል። በፐርኪንሱ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ሲሞቅ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ በቀጭኑ ለሚለካ ነገር አንድ የደበዘዘ ቁጥር ሞተር ያበላሻል።

መለኪያውንም እወቁ። የእንግሊዙ አሮጌ ትራክተር በኢንች የተሠራ ነው። ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ቤላሩስ በሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የገባበት ይመስላል፤ ሲጠብቅ ግን ሸርተት ይልና የብሎኑን ራስ ያከብበዋል። የማጥበቂያ ኃይልም እንዲሁ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሜትር ከሰባት ፉት ፓውንድ ይበልጣል። ያንዱን ቁጥር በሌላው መለኪያ ያነበበ ሰው ብሎኑን ይቆርጠዋል።

ወገኖቼ! ያ ትራክተር በመጨረሻ ተነሣ። ያስነሣው የእኔ እንግሊዝኛ አይደለም። ያስነሣው በናፍጣ የራሰ ጨርቅና ቁጥሩን ያነበቡት ዐይኖች ናቸው። ፊደል የቆጠርነው ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ከብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበን፣ ከመጽሐፉ ጋር አስተያይተን፣ «ይህ የእኛ ነው፤ ያ የእኛ አይደለም» ለማለት ነው። በሻጩ ቃል ብቻ፣ በተማረ ሰው ቃል ብቻ ገንዘባችሁን አትስጡ። ራሳችሁ አንብቡ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው መጽሐፍ ለትራክተሩ ያልሆነው ለምንድን ነው?
2. ሦስቱ የመጽሐፍ ዓይነቶች ምን ምን ናቸው?
3. በአካባቢያችሁ ቆሞ የቀረ ትራክተር፣ ወፍጮ ወይም የውኃ ሞተር አለ? ቁጥሩን አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።