የፈረስ ስምና የቤተሰብ ዓርማ
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤተሰብ ዓርማ ነው። ዓርማ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅበት ምልክት ነው። በአውሮፓ ይኽ ልማድ የተስፋፋው በአቈጣጠራቸው በ12ኛው መቶ ዓመት ነበር። የዚያ ዘመን ፈረሰኞች ፊታቸውን በራስ ቍር ሸፍነው ይዋጉ ስለ ነበረ፥ ወዳጅና ጠላት ይለይ ዘንድ በጋሻቸው ላይ ንስር ወይም አንበሳ፥ ወይም ሌላ ሥዕል ያስሥሉ ጀመር። እየቈየም ሥዕሉ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ። በለንደን ከተማ በ1484 በአውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመው የዓርማ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት እስከ ዛሬ ሥራውን ይሠራል።

እንግዲህ፥ «እኛስ ምን አለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታጣም፤ ለሠርግ መጥሪያው ወይም ለቤቱ በር አንበሳና ጋሻ ያለበት ዓርማ ለማሠራት የሚያስብም አለ። አንበሳው በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ምኒልክ ማኅተም ላይ የነበረ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 በፓሪስ በታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮችም ላይ የታየ የመንግሥት ምልክት ነው። ዘውዳዊው ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ግን ከመንግሥት ምልክትነት ወረደ። ለአንድ ሰው የግል መታወቂያ የሆነውን ምልክት የፈለግን እንደ ሆነ፥ በጋሻ ላይ ሳይሆን በፈረስ ስም ውስጥ እናገኘዋለን።

የፈረስ ስም የሚባለው ጀግናው ለሚጋልበው ፈረስ ስም አውጥቶ፥ ራሱም የዚያ ፈረስ አባት ተብሎ ሲጠራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኛው፥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ይኽ ስም በፉከራ ይነሣል፤ ባለቤቱ ሲሞትም በልቅሶው ላይ ይጠራል። ስሙን ላስተዋለው ሰው ትርጕም አለው። ታጠቅ የሚለው ለጦር ያነሣሣል፤ ዳኛው የሚለው ፍርድን ያስባል። ባለ ስሙ ፍርድ ቢያጓድል፥ በየዕለቱ የሚጠራበት ስም ራሱ ይወቅሰዋል።

ይኽ ልማድ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የቈየ ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በዓለም የታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ወደ ጐጃም በሚወስደው መንገድ በሱሉልታ፥ ወደ አምቦ በሚወስደው በቡራዩ፥ ወደ ጅማ በሚወስደውም በሰበታ ያለው አገር የቱለማ ኦሮሞ ፈረሰኞች አገር ነው። የሰበታን መንገድ ይዞ ወደ ወሊሶ የዘለቀ ሰው፥ በጠላት ወረራ ዘመን የተዋጉትን የደጃዝማች ገረሱ ዱኪን ስም ይሰማል፤ የፈረስ ስማቸው አባ ቦራ ነበር።

በአውሮፓው ዓርማና በእኛው የፈረስ ስም መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይኽ ነው፦ የአውሮፓው ልጅ የአባቱን ጋሻ ይወርሳል፤ የእኛው ልጅ ግን የአባቱን የፈረስ ስም አይወርስም፥ የራሱን ያወጣል እንጂ። ራስ መኰንን አባ ቃኘው ሲባሉ፥ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1954 የእንግሊዝን የጋርተር ኒሻን ተቀብለዋል፤ የዚያ ማኅበር ልማድ የያንዳንዱ አባል ዓርማ ያለበትን ሰንደቅ በዊንድዘር ቤተ ክርስቲያን መስቀል ነው። ባገራቸው ግን ሕዝቡ በፈረስ ስማቸው ይጠራቸው ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጨቦ አገር ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት ገቡ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ከአባታቸው የወረሱት ጋሻ አልነበረም፤ አባ መላ የተባለውን ስም በምክራቸውና በፍርዳቸው አስከበሩት።

ስሙ ለልጅ ባይወረስም ለአገር ሊተርፍ ይችላል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር «ቃኘው» ተብሎ የተሰየመው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሞተው ሳለ፥ የፈረሳቸው ስም ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ ባሕር ተሻገረ።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ሱሉልታ፥ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ፈረስ ይጋልብበት የነበረው መስክ ቤትና ፋብሪካ ቢሠራበት የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከተማ ያድጋልና። የሚያሳዝነው ግን የመሬቱን ካርታ በሣጥን ቈልፎ የሚያኖር ቤተሰብ የአያቱን የፈረስ ስም ሳይጽፍ ሲቀር ነው። ካርታው ቢጠፋ ቅጂው ከመዝገብ ቤት ይገኛል። የፈረሱ ስምና የወጣበት ምክንያት ግን የሚገኙት ከሽማግሌዎች አንደበት ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፉ መዝገቡም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ዓርማ ለማሠራት የሚፈልግ ሰው ወደ ሠዓሊ ከመሄዱ በፊት ወደ ሽማግሌዎቹ ይሂድ። አያቱ በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበረ፥ ስለ ምንስ እንደ ተጠሩ ጠይቆ በደብተር ይጻፍ። የሴት አያቱንም አይርሳ። የፈረስ ስም የወንዶች ልማድ ቢሆንም፥ እቴጌ ጣይቱ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚል የክብር ስም በማኅተማቸው ላይ ነበራቸው፤ የየቤቱ እናትም የምትታወስበት ሥራ አላት።

የመንግሥት ሠራተኛም በየቀኑ ማኅተም ያሳርፋል። ማኅተሙ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ አስረክቦት ይሄዳል። ከእርሱ ጋራ ወደ ቤቱ የሚገባው፥ ባለጕዳዩ በሄደበት ሁሉ ስለ እርሱ የሚናገረው ስም ነው። ልጆቹም አንድ ቀን «አባታችን በምን ይታወቅ ነበር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።