መድኃኒትን ስለ ማወቅና እርጅናን ስለ ማክበር

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ላሉ የመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ፊደል ለሚያውቁ ሽማግሎች የተነገረ ቃል



መድኃኒት የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት ያለው ነው። አንደኛው ፊት ፈውስ ነው፤ ቃሉ ራሱ ዳነ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና። ሁለተኛው ፊት ግን ያስፈራል፤ «መድኃኒት አበሉት» በተባለ ጊዜ ሰሚው ሁሉ መርዝን እንጂ ፈውስን አያስብም። እንግዲህ ሊቃውንት በመጽሐፍ ሳይጽፉት አስቀድሞ፥ የሚያድነው ነገር ሊገድልም እንደሚችል ሕዝቡ በገዛ አነጋገሩ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በማዳንና በመግደል መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም መጠኑ፥ ጊዜው፥ የሚወስደውም ሰው ማንነት ነው። መድኃኒትን ስለ ማወቅ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ማብራሪያ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት በመንደር ትምህርት ቤት ይሰጥ ሲባል ከሕዝቡ ዘንድ ሦስት ዓይነት መቃወሚያ ይሰማል። የመጀመሪያው፥ ክፉ ነገርን በልጅ ፊት በስሙ መጥራት ልጁን ማስተማር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የመድኃኒት ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር የሚተላለፍ እንጂ በጥቁር ሰሌዳ የሚጻፍ አይደለም የሚል ነው። ሦስተኛው፥ ለሽማግሌና ለአሮጊት መድኃኒት መፈለግ ድካም ነው፤ እርጅና መድኃኒት የለውምና የሚል ነው። ሦስቱም ከክፋት የመጡ ስላልሆኑ በንቀት ሊመለስላቸው አይገባም፤ በየተራቸው ሊመረመሩ ይገባል።

ስለ መጀመሪያው መቃወሚያ፤

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፥ የዋጉን ተወላጅ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን፥ ማለት ዋግሹም ጎበዜን፥ በ1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ድል አድርገው በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ የጫኑ ንጉሥ ናቸው። እኒህ ንጉሥ ትምባሆን አጥብቀው ከለከሉ፤ ያጨሰ ከንፈሩ፥ ሱረት ያሸተተ አፍንጫው እንዲቆረጥ አዘዙ እየተባለ ይነገራል። ንጉሡ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ግን ትምባሆ ተመለሰ፤ ከጊዜም በኋላ የመንግሥት ሞኖፖል እስከ መሆን ደረሰ። ቅጣቱ ከንፈርን ሊቈርጥ ቻለ፥ ትምባሆ ሳንባን እንዴት እንደሚጐዳ ግን ለሕዝቡ አላስረዳም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ሲያልፍ በቦታው የቀረ ዕውቀት አልነበረም።

በዚህ ዘመን ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። የአልኮል ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አድርጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አረቄ የሚወጣው በጓሮ፥ ጠላውም የሚጠመቀው በየቤቱ ስለ ሆነ፥ የገጠር ልጅ መጠጥን የሚያውቀው ከማስታወቂያ ሳይሆን ከተዝካርና ከደቦ ነው። ጫትም ቢሆን በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ሲደርስ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። እንግዲህ መምህሩ ዝም ቢል ልጁ ሳያውቅ አይቀርም፤ ነገሩን የሚያስተምረው ሻጩ ብቻ ይሆናል እንጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለበሽተኛ ብቻ አይደለም፤ ለመንደርም ነው።

ስለ ሁለተኛው መቃወሚያ፤

የአባቶች መድኃኒት የሚናቅ አይደለም። ኮሶ የሥጋ ትልን ለማስወጣት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠጣ የኖረ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮጳ መድኃኒት ቤቶች አበባውን ከአገራችን እያስመጡ ይሸጡት ነበር። እንዶድም ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ሲኖር፥ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓመታት በዓድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን ያው ኮሶ መጠኑ ባለፈ ጊዜ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዓይንን ብርሃን እስከ ማጥፋትና እስከ መግደልም ደርሷል። ለጎልማሳ የተለካው ጽዋ ለደከመ ሽማግሌ ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። ምሥጢር ዕውቀትን ከሌባ ይጠብቀው ይሆናል፤ ከስሕተት ግን አይጠብቀውም። የእንዶድ ዕውቀት የከበረውም ወደ ሚዛንና ወደ ምርመራ በወጣ ጊዜ ነው።

ስለ ሦስተኛው መቃወሚያ፤

ከሁሉ የከበደው ይህ ነውና በእርሱ ላይ መቈየት ይገባል።

በዋግ ማርጀት ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ሽማግሌና አሮጊት የሚባሉት የ1965ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያለፉ ናቸው፤ የጤና ቤቶች የተዘረፉበትን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውንም ጦርነት አይተዋል። የብዙዎቹ ዕድሜ በመዝገብ አልተጻፈም፤ በድርቅና በዘመቻ ይቈጠራል እንጂ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ሰው ዓይኑ ሲፈዝ፥ ጉልበቱ ሲከዳው፥ ራሱን ሲያዞረው፥ «እርጅና ነው» ተብሎ ይተዋል። መዳን ቢመኝ ደግሞ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎ የሚዘብትበት አይጠፋም። እርጅና ግን የዕድሜ ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። በእርጅና ስም ከሚጠሩት ደዌዎች ብዙዎቹ ስምም መድኃኒትም አላቸው።

ለምሳሌ አንዲት አሮጊት እናት ይታሰቡ። ጥጥ ይፈትሉ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ግን ክሩ አይታያቸውምና እንዝርታቸውን ሰቅለዋል። የልጅ ልጃቸው «እምዬ፥ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ቢላቸው፥ «ተወኝ ልጄ፥ ዕድሜ ነው፤ ዕድሜን ማን ያክመዋል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ ጎረቤት ሲሄዱ በትራቸውን ይዞ የሚመራቸው ያው ልጅ ነው። መምህሩም በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እያለ የሚጽፍበት እርሱን ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ዓይናቸው በጠፋ ጊዜ ሁለት ሰዎች ብርሃን ያጣሉ፤ አያቲቱ የዓይናቸውን፥ ልጁም የፊደሉን።

የእኒህ እናት ደዌ ምናልባት ሞራ ነው። ሞራ የዓይን ውስጥ መስተዋት መደፍረስ ነው፤ በክኒንና በጠብታ አይጠራም፥ ነገር ግን ሐኪም የደፈረሰውን አውጥቶ በሰው እጅ የተሠራ ጥሩ መስተዋት በአጭር ጊዜ ይተካለታል። ወይም ደግሞ ደዌው የዓይን ማዝ፥ ማለት ትራኮማ ይሆናል። ዋግ ኽምራ ይህ በሽታ አጥብቆ ከያዛቸው የአማራ ክልል አገሮች አንዱ ነው። በሽታው በሕፃንነት ይጀምራል፤ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፥ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ሕፃናትን የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸውና ከወንዶች ይልቅ እነርሱን ያጠቃል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቃናው ጥቂት ጊዜ የሚፈጅ ቀዶ ሕክምና ነው። እንግዲህ በእርጅና የሚታየው ዕውርነት በልጅነት የተዘራ ነው፤ የሕፃኑን ፊት ማጠብ የአሮጊቲቱን ዓይን መጠበቅ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ለዚህ በሽታ አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ለመንደሩ ሁሉ ይታደላል። ለልጆች ቁመታቸው በዘንግ እየተለካ ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ዘንጉን ያየ ተማሪ የመጠንን ትምህርት በዓይኑ አይቷል፤ መምህሩ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አያገኝም። ሽማግሎች ግን «እኛ አርጅተናል፥ ለልጆች ይሰጥ» ብለው መቅረት አይገባቸውም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው መንደሩ በአንድነት ሲወስደው ነውና።

ትምህርት ብቻውን ሁሉን ያደርጋል ማለት ግን ስሕተት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሰቆጣ ከተማ፥ በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ በ40 መንደሮች አንድ ትልቅ ምርመራ ተደርጓል። በግማሾቹ ውኃ ወጣ፥ መታጠቢያ ተሠራ፥ ሳሙና ተሰጠ፥ በትምህርት ቤትም የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ። መድኃኒቱም በዚያ ጊዜ እንዲቈይ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ የዓይን ማዝ ተሕዋስ በሁለቱም ወገን በዝቶ ተገኘ፤ በሁለቱም መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚህ የሚገኘው ምክር ንጽሕናን መተው አይደለም፤ ውኃና ትምህርት መድኃኒትን ሊተኩ እንደማይችሉ፥ መምህርና ሐኪምም ተለያይተው እንዳይሠሩ ነው።

ያረጀ ሰውነት መድኃኒትን እንዴት እንደሚቀበል፤

ኩላሊትና ጉበት ከዕድሜ ጋር ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ያው ክኒን በሽማግሌ ሰውነት ውስጥ ከጎልማሳው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቈያል። አረቄም እንዲሁ ነው፤ በጎልማሳነት የተለመደው መለኪያ በእርጅና ይጥላል፤ ከመድኃኒት ጋር ሲገናኝም ይብሳል። የወገብና የጉልበት ሕመም ማስታገሻ፥ ለምሳሌ ዳይክሎፌናክ፥ ሐኪም ሳያዝዝ ዘወትር ቢወሰድ ጨጓራን ያቈስላል፥ ኩላሊትንም ይጐዳል። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ «ተሽሎኛል» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ግፊት ሳያሳምም የሚጐዳ በሽታ ነውና። የጎረቤት ክኒን ቀለሙ ስለ ተመሳሰለ ብቻ መዋጥ፥ የእንክብልንም ዱቄት ከፍቶ ቍስል ላይ መነስነስ ሊቀር ይገባል።

በጾም ወራት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ነገር ከንስሓ አባትና ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል፤ የክኒኑን ሰዓት ማዛወር የሚቻልበት ጊዜ አለና። ጠበልና መድኃኒትም ጠላቶች አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል።

ምን ሊደረግ ይገባል?

አንደኛ፤ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛም በኽምጠኛም አይደለም። ስለዚህ ተማሪው አያቱን ተከትሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ባለ መድኃኒቱ የተናገረውንም አያቱ በሚሰሙት ቋንቋ በወረቀት ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ ለጠዋት የምትወጣ ፀሐይ፥ ለማታ ጨረቃ ይሣልላቸው።

ሁለተኛ፤ መምህሩ አያት በመምራት ምክንያት የሚቀሩትን ልጆች ለይቶ ይጻፍ፤ በቅጣት ፈንታም ቤታቸውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያመልክት።

ሦስተኛ፤ የመጠጥ፥ የትምባሆና የጫት ትምህርት ሲሰጥ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ወደ ክፍል ይጋበዝ፤ በዘመኑ ያየውን ይናገር። ልጅ ከመጽሐፍ የሚረሳውን ከሽማግሌ አፍ አይረሳውም።

አራተኛ፤ ሽማግሎች በማኅበርና በሰንበቴ ተሰብስበው «እርጅና ነው» የሚለውን ፍርድ ሐኪም ሳያይ አይፍረዱ። የታመመ ባልንጀራቸውን ከማጽናናት አስቀድመው ያስመርምሩት።

የሽማግሌ ሥራ በተጣሉ ሰዎች መካከል ገብቶ ማስታረቅ ነው። ዛሬ የተጣሉት ዕድሜና ሕክምና ናቸው፤ የሚያስታርቋቸውም ሽማግሎቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሞራውን አስወጥቶ በገዛ ዓይኑ እያየ ወደ መንደሩ ቢመለስ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራል፤ በትሩን ይዞ ይመራው የነበረውም ልጅ በማግስቱ በትምህርት ቤት ደጃፍ ይገኛል።