አንድ ሐኪም ይኑራችሁ
(በዑለያ፣ በዓርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ እኔ እዚህ ዑለያ በገባሁ ጊዜ ራሴን ሲያመኝ መድኃኒቴ ፓናዶል ነበር። ሲብስብኝ ማዳም ሙስተውሰፍ ትወስደኛለች፤ ግን ዛሬ አንዱ ጋ፣ ሌላ ጊዜ ሌላው ጋ። አንዱ መርፌ ይወጋኛል፣ አንዱ ክኒን ይሰጠኛል። በሁለት ዓመቴ ደረጃ ላይ ወደቅኩ፤ ለካ ደም ግፊት ኖሮብኛል!

ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ደጋግሞ የሚለካ፣ የድሮውን ከአሁኑ የሚያስተያይ ሐኪም ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን እዚህ «ጠቢብ ኡስራ» ይሉታል፣ የቤተሰብ ሐኪም ማለት ነው። አገራችንም አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በ2005 ዓ.ም. ጀምሯል።

እና ስትሄዱ እሱን ጠይቁ፤ ሴት ከፈለጋችሁ «ዶክቶራ» በሉ። ከተመቻችሁ አትቀያይሩ። አገር ቤት ካርዳችንን ጤና ጣቢያው ያስቀምጥልናል፤ እዚህ ግን ወረቀቱን ራሳችን እንያዝ። የመድኃኒቱን ካርቶንም አትጣሉ። ማዳም «ምንም አልሆነችም» ካለች ዝም አትበሉ፤ «ደግት» ብላችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ።

ለምክር የጤና ሚኒስቴር 937 ሌት ተቀን ይሠራል። ድንገት ለወደቀች ግን አምቡላንስ ነው፣ 997። በሉ ስልካችሁን አውጡና መዝግቡት፣ እጠብቃለሁ።